የማጭድ ማብሪያና የገንቦሽ አንገት

ለእማዬ፣ ጓሳ ላይ ከጅብራው ሥር ላረፍሽው፤

ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ውርጭ ባደረ ጠዋት ለምን አልነሳም ብሎ ይለግማል? በብርድ አገር መኪና አጠገብ አንድ ጠዋት የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። አንቺም ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ከአስተማሪዬ የሰማሁትን ስደረድርልሽ ትንሽ ታገሥሽና "ታዲያ ብርድ ገብቶታል አትለኝም?" ብለሽ የሱፍ ባናሽን ከትከሻሽ አውርደሽ ኮፈኑ ላይ ደረብሽለት። መልሱ እጄ የገባው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ይኸው ልነግርሽ ተቀመጥሁ።

ከተለየሽን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ውርጭ ገብቷል። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ እጄ ወይ ጠመንጃ ወይ የብሎን መፍቻ ኪያቬ ሳይዝ የዋለበት ቀን ስላልነበረ ነው። ዛሬ ጠላት ከምሽጉ አልወጣም፤ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ስጨርስ ለእነ አጎቴ ሽብሩ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። እዚህ አንቺን የማያውቅ ስለሌለ የሚሰማ ይስማ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ዘመሮ መውጫ ላይ ያለው ቤታችን የለም። ጣሊያን ባንዳውን አስከትሎ መጥቶ አቃጠለው። በጎቻችንን እዚያው በራችን ላይ አርደው በሉ፤ መብላት ያቃታቸውን በጥይት ደብድበው ጥለውት ሄዱ። የተረፈው የአባባ የሽመና ጉድጓድ ብቻ ነበር፣ እሱም አመድ ሞልቶት። ጉድጓዱን ጠርገን በላዩ አዲስ ጎጆ ሠርተንበታል። ጓሳ ባለፈው በጋ መጨረሻ ለአጨዳ ተከፍቶ ስለነበር ክዳኑን ያጨድነው ከዚያ ነው፤ ዝናብ አያስገባም። አጎቴ ሽብሩ፣ ወንድምሽ፣ ሁለት ጣቶቹን አጥቷል፤ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። አባባስ ትይኛለሽ። ቆይ፣ በተራው እመጣበታለሁ። እዚያ ለመድረስ መኪናውን ማስነሳት አለብኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባን ከሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ጥይት ተገኘ ብለው አስረው ከሞላሌ በታች ወዳለው ምሽግ ወሰዷቸው። በገበያ ቀን ሕዝብ እያየ እንደሚሰቅሏቸው አስነገሩ። አንቺ አላለቀስሽም። ድርና ማጉን ቆርጠሽ ጥቅልሉን ለጎረቤት ሰጥተሽ፣ ገንቦሽን አዝለሽ ወደ ወንድምሽ ጦር መጣሽ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የመካኒክነት የምስክር ወረቀቴን ይዤ የገባሁት ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ስለነበር ከወረቀቱ ሌላ የምሠራበት ነገር አልነበረኝም። "ምሩቄ" ነበር የምትይኝ። ሌሎቹ ሲሉት ስድብ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ስትይው ግን ቁመቴ ይጨምር ነበር።

የጣሊያኑ የጭነት መኪና እጃችን የገባበትን ቀን አስታውሺልኝ። ከሞላሌ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ላይ ድንጋይ አንከባለልን፤ መኪናው ሲቆም ተኮስን። ሹፌሩ ግንባሩን ተመትቶ መሪው ላይ ተደፋ፣ ደረቱ ጥሩንባውን ተጭኖ ድምፁ ተራራውን ሞላው። ሁላችንም አቅላችን ጠፍቶ ስንቆም፣ አንቺ ዘለሽ ወጥተሽ ሟቹን በፀጉሩ ይዘሽ ወደ ኋላ ሳብሽውና "ዝም በል አንተ!" አልሽው። አጎቴ እስካሁን ይስቅበታል። ከዚያ አመድና ጨርቅ ይዘሽ ደሙን ከወንበሩ ላይ ስትጠርጊ፣ አጎቴ መኪናውን ሊያቃጥለው ክብሪት አወጣ። ፊቱ ቆምሽበት። "ይህ መኪና ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ምሽጉ ይገባል። በሩ ያውቀዋል። ልጄ ይነዳዋል፤ እናንተ ከኋላ ትተኛላችሁ፤ ባሌን ታመጡልኛላችሁ።" አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ "ይችልበታል ይሄ?" አለ። "ታዲያ እዚያ ድረስ ሄዶ የተማረው ምን መሰለህ፣ ጥልፍ?" አልሽው።

የአባባ አንገት ገመድ ሊገባበት እኔ በኪያቬዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሞተሩ እንደሞቀ ስለነበር ጓሳ ድረስ ያለምንም ችግር ወጣን። ጓሳን የመረጥነው በአገሩ ደንብ ተዘግቶ ስለነበር ነው። ከብት አይገባበት፣ ማጭድ አይገባበት፤ ሣሩ ለዓመታት ሳይነካ አድጎ ጎማውን ሙሉ ይውጣል። የሣሩ ጠባቂ አያ ደምሴ ግን መንገድ ላይ ተጋደመ። "ለበግ ያልተከፈተ ጓሳ ለዚህ ለሚገማ ብረት ሊከፈት ነው?" አለ። አንቺ "ይህ ሣር አይበላም፣ አያ ደምሴ" ስትይው ጎማዎቹን አንድ በአንድ አይቶ "ይረግጣል እንጂ" ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ተነሳ። ማታውን ጠመንጃውን ይዞ ከእኛው ጋር አደረ።

በማግስቱ ሞተሩ አልነሳም አለ። የናፍጣ ሞተር፣ እማዬ፣ እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨፍልቆ ጨፍልቆ ያግለውና ናፍጣው በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ብረቱ ውርጭ የጠጣ ሲሆን ግን ግለቱን ራሱ ይውጠዋል። ለዚህ ነው በየሲሊንደሩ ጉሮሮ አንዳንድ ካንዴሌታ የሚሰኩበት፤ ጫፏ ላይ ያለችው ሽቦ ቀድማ ትግልና ጉሮሮውን ታሞቃለች። የእኛው መኪና አራት አለው። አራቱ የተያያዙት በአንድ መስመር ነው፣ ደቦ የወጣ ሰው ነዶ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበል። አንዱ እጁን ካጠፈ ለማንም አይደርስም። ጋቢናው ውስጥ ደግሞ ከመሪው አጠገብ በትንሽ ቀዳዳ የምትታይ ሽቦ አለች፤ አራቱ ሲግሉ እሷም ትቀላለች።

የካንዴሌታዎቹን ማብሪያ ቁልፍ ጥይት ሰባብሮት ስለነበር ኃይሉን ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወሰድኩ። ምንም የለም። ባትሪው ሞቷል እንዳልል የፊት መብራቱ ፋና ቦግ ብሎ ይበራል። እንግዲያው ከአራቱ አንዷ ተቃጥላለች፤ የትኛዋ? አንድ በአንድ መዝለል ነው። የመጀመሪያዋን በቀለሃ ናስ ድልድይ አድርጌ ዘለልኳት። አንቺን ጋቢና አስቀምጬ ቀዳዳዋን እንድትጠብቂ አዝዤሽ ነበር፣ እናቴን ማዘዝ ደስ ብሎኝ።

"ቀላ?" ስልሽ፣

"አልቀላም፣ ምሩቄ" አልሽኝ።

ሁለተኛዋን ዘለልኩ። "ቀላ?" "አልቀላም። ዓይኔ ግን ቀልቷል።" ከዚያ በረዶው ወረደና ኮፈኑን ዘጋን።

በነጋው ጎማዎቹ ረግረጉ ውስጥ መስመጥ ጀምረው ስለነበር መኪናው የግድ መንቀሳቀስ ነበረበት። "አንተ ፈትሽ፤ እኔ ደግሞ ላሙቀው" አልሽና የጓሳ ሣር ከሞተሩ ሥር ለኮስሽ፣ ውሃ አፍልተሽ በገንቦሽ ራዲያተሩ ውስጥ መጨመር ጀመርሽ። ማናችንም አልከለከልንሽም። በመንዝ ጠዋት ጭስ የማይወጣበት ደጅ የት አለ? ማን ያስተውለዋል? ጓሳ ባዶ ነው፣ የሚያይ የለም አልን። የረሳነው ነገር ቢኖር ባንዳውም የዚሁ አገር ልጅ መሆኑን ነው። ጓሳ መዘጋቱን እሱም ያውቃል። በተዘጋ ጓሳ ላይ እረኛ የለም፣ አጫጅ የለም፤ እዚያ የሚታይ ጭስ የአርበኛ ጭስ ብቻ ነው። የሸሸገን ባዶነት እኛኑ በጣት አሳየን።

አውሮፕላኑ በዘመሮ በኩል መጣ። ድምፁን ስሰማ ግማሽ አካሌ ኮፈኑ ውስጥ ነበር። ተኚ ብዬ ጮህኩ። አንቺ ከኮፈኑ ያነሳሁትን ባናሽን ለብሰሽ፣ ፍል ውሃው እንዳይደፋ ገንቦውን በሁለት እጅሽ እንደያዝሽ ቀና አልሽ። የመጀመሪያው ተኩስ ገንቦውን በተነው። ውሃው ደረትሽ ላይ ሲፈስ ወደ ሰማይ ተሳደብሽ። እንደዚያ ያለ ስድብ ከአፍሽ ሰምቼ አላውቅም። ተመልሶ ሲመጣ ከወገብሽ እስከ ትከሻሽ ተረተረሽ። ቦምቦቹ ረግረጉ ላይ ወድቀው ጭቃና የሰው ሥጋ አዘነቡብን፤ ከአጎቴ ሰዎች ሁለቱ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይለይ ተለቀሙ። ሣሩ ተቀጣጠለና ጭሱ መኪናውን ከለለው። ስደርስብሽ ዓይንሽ ክፍት ነበር። እጅሽ የገንቦውን አንገት እንደጨበጠ ነበር። ጣቶችሽን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው።

ረግረጉ ዳር ከቆመው ጅብራ ሥር በነጠላሽ ገንዘን ቀበርንሽ። ባናውንም አብረን ልንቀብረው ስንል አያ ደምሴ ያዘው። "ለመኪናው የደረበችለት እሷ ናት። የሰጠችውን አትውሰዱበት" አለ። ስለዚህ ደምሽን እንደያዘ ኮፈኑ ላይ መለስነው።

አጎቴ አፈሩ ከእጁ ሳይራገፍ መኪናውን ሊያቃጥለው ተነሳ። ገበያው ከነገ ወዲያ ነበር። "እስከ ዛሬ ምሽት ስጠኝ" አልኩት። ማልቀስ አልቻልኩም እማዬ፤ እጄ መሥራት ነበር የፈለገው። ሦስተኛዋን ዘለልኳት። "ቀላ?" ብዬ ጮህኩ። ጮኼ ነው ያስታወስኩት፤ ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም። ሽቦውን በድንጋይ ተጭኜ ሮጥኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ በቀዳዳዋ አየሁ።

ቀልታለች። እንደ ሮማን ፍሬ።

እዚያው ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ሦስተኛዋን ፈትቼ ሳወጣት ጫፏ ተበልቶ አልቋል። ትርፍ የለም። እንዲሁ ዘልዬ ልተዋት እንዳልል የእሷ ድርሻ በቀሩት ላይ ይወድቅና እነሱም ይቃጠላሉ። በእሷ ቦታ ሸክሟን የሚሸከም ነገር ያስፈልግ ነበር። እነ አጎቴ የጠላትን የስልክ መስመር ሲበጥሱ ያመጡት የብረት ሽቦ ነበር። ከዚያ ቆርጬ እንደ ካንዴሌታዋ እስኪቀላ ድረስ እያሳጠርኩ ለካሁት። ሲግል እንጨት ያነዳል፣ ጨርቅ ያነዳል፤ በምን ልጠምጥመው? የገንቦሽ አንገት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሸክላ እሳት አይፈራም። እሱ ላይ ጠመጠምኩት፣ ከመሪው አጠገብም አሰርኩት። እስከ ዛሬ አለ።

ማብሪያው ቀረ። አያ ደምሴ ስሠራ ሲያየኝ ቆይቶ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። የሚከፈትና የሚዘጋ ስለት፣ መያዣው እንጨት የሆነ አልኩት። ሄዶ ማጭዱን አመጣልኝ። ጓሳ ከተዘጋ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የተሰቀለ ማጭድ። ሳንቃ ላይ በአንድ ምስማር እንዲንቀሳቀስ አድርጌ መታሁት፤ ወደ ታች ሲወርድ በሁለት የናስ ቀለሃዎች መካከል ይገባና የባትሪው ኃይል ያልፋል፣ ሲነሳ ይቋረጣል። ለምን ያህል ጊዜ መያዝ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰዓት ስላልነበረ በጸሎት ለካሁት፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ረጋ ተብሎ ሲደገም ይበቃል። ልምምዱን አጎቴ እንዲደግም ብንሰጠው እሳት እንዳባረረው ሰው አጣድፎ ጨረሰው። አያ ደምሴ "እግዜር ራሱ ምን እንዳልከው አልሰማም፣ እንደገና በል" አለው።

የገበያው ዕለት ጎህ ሳይቀድ፣ ሰዎቹ ከኋላ ሸራ ሥር ተኝተው፣ አጎቴ የሟቹን ሹፌር ባርኔጣ ደፍቶ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ማጭዱን አወረድኩት። የባትሪው ጉልበት ለአንድ ሙከራ ብቻ ነበር። አጎቴ ቃል በቃል፣ ላብ እያጠመቀው ደገመ። የገንቦሽ አንገት ጨለማው ውስጥ ቀላ፤ ፊታችንን አበራው። ማጭዱን አንስቼ ሞተሩን የሚያሽከረክረውን ሞተሪኖ ነካሁት። አንዴ አጉረመረመ፣ አንዴ ሳለ፣ ተነሳ። ያለ እሳት። ያለ ጭስ።

ምሽጉ በር ላይ የነበሩት ባንዶች ፋናውን አይተው ማን ነህ ብለው ጮኹ። አጎቴ የሚያውቃት ጣሊያንኛ አንዲት ነበረች፤ ራሱን በመስኮት አውጥቶ "አቫንቲ! አቫንቲ!" ብሎ አፈጠጠባቸው። ሟቹ ሹፌር በየቀኑ እንዲሁ ይጮህባቸው ስለነበር ሮጠው ከፈቱ። እኔ ግን ግቢው መሐል የቆመውን መስቀያ አየሁ፤ ገመዶቹ ታስረው ይጠብቃሉ። እግሬ ፍሬኑን ረሳው። በአፍንጫው መታሁት፤ ግንዱ ከሥሩ ተሰብሮ ወደቀ፣ ሞተሩም ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጆሮ ያደነቁራል። የእኛ ሰዎች ከሸራው ሥር ተኩሰው ወጡ። ያልለበሰ መኮንን ከድንኳኑ ሲወጣ በሩ ላይ ወደቀ። አያ ደምሴ የእስር ቤቱን በር በመጥረቢያ ሲፈልጠው ዘበኛው አንገቱን ሊይዘው መጣ፤ መጥረቢያው ዞረ። አጎቴ በመስኮት እየተኮሰ፣ ጣቶቹ ደም እየረጩ፣ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረልኝ። "አያስፈልግም፣ ሞቋል!" ስለው "ዝም ብለህ አውርደው!" ይለኛል። ሞተሪኖውን ነካሁ፤ ባትሪው በመንገዱ ሞልቶ ነበርና ወዲያው ተነሳ። ወደ ኋላ ስመልሰው አንድ ሰው ከጎማው ሥር ገባ። ስሜቱ በመሪው በኩል እጄ ድረስ መጣ። እስካሁን እጄ ላይ አለ።

አባባን ደግፈው ጋቢና ከተቷቸው። ጀርባቸው በጅራፍ ተልጦ ነበር፤ ልብስ የላቸውም። መንገዱን ስንይዝ ኮፈኑ ላይ የነበረውን ባና አጎቴ ጎትቶ አለበሳቸው። እማዬ፣ አንቺ የፈተልሽው ባና ነው፣ እሳቸው የሸመኑት። ጠርዙን ዳበሱና አወቁት። ከዚያ ጣታቸው ቀዳዳ አገኘ። አስገብተው አወጡት፣ ጣታቸውን አዩት። የደረቀው ደም ዱቄት ሆኖ ተጣብቆበት ነበር። ጓሳ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ "የት አሳረፋችኋት?" አሉኝ።

እንግዲህ አባባ አሉልሽ። ጀርባቸው ድኗል፤ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ይወርዳሉ። ለመኪናው አዲስ ባና ሸምነውለታል፤ ያንቺን ግን ቀዳዳውን ሳይጠቅሙ ራሳቸው ይለብሱታል። ካህን አምጥተን ፍትሐት አድርሰንልሻል። ጓሳ የተከፈተ ጊዜ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ፣ አያ ደምሴ ጅብራው ጋ ቆሞ በእግሩ ክብ ሠራና "ይህ አልተከፈተም" አለ። ማንም አልተከራከረውም። ያንቺ ሣር ዛሬ ከወገቤ በላይ ነው።

እኔ ምሩቅሽ አሁንም አላርፍም። በልጉ ላይ ሌላ ካንዴሌታ ተቃጥላብኝ በገንቦሽ አንገት ላይ ሽቦ ጨምሬአለሁ፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩኝ። ጠላት ይወጣል፤ ይህን እንደ ማለዳው አምናለሁ። ሲወጣ ሞላሌ ገበያ ዳር ጋራዥ እከፍታለሁ። የምስክር ወረቀቴ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ ግድግዳው ላይ ማጭዱን በሳንቃው እሰቅላለሁ፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ስምሽን ጠርቼ እነግረዋለሁ። ያን ቀን አፅምሽን ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንወስዳለን። እስከዚያው ሞተሩ በተነሳ ቁጥር አስታውስሻለሁ፤ አንቺን ሳላስብ ማጭዱን ያወረድኩበት ጠዋት የለም፣ አይኖርምም።

ነገ ጠዋት ደግሞ እንወጣለን። ውርጩ ከባድ ነው። እኔ ካንዴሌታዎቹን ልፈትሽ ኮፈኑ ጋ እሆናለሁ፣ ጋቢናው ውስጥ ያንቺ ቦታ ባዶ ነው፤ እንደ ልማዴ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ እኔው ጠይቄ እኔው ሮጬ ነው የማየው። ነገ ግን፣ በሕልሜም ቢሆን፣ በነፋሱም ቢሆን፣ አንቺ መልሺልኝ።

እማዬ፣ ቀላ?